ብርጭቆ ያሳጠበን ፕሬዚዳንት

ሰመራ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስመረቅ፣ ከክፍላችን ልጆች ቀድመው ሥራ ከያዙት አንዷ እኔ ነበርኩ። አዋሽ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ ሻይ ቤት ብርጭቆ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ይህን ስናገር የሚያዝንልኝ ሰው አይጠፋም፤ ሐዘኑን ለሌላ ያቆይልኝ። ያኔ ከጓደኞቼ ገሚሶቹ ወላጆቻቸው ቤት ተጋድመው ጣራ ያያሉ፤ እኔ ግን ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ቦታ፣ ሳረፍድ የሚቆጣኝ አለቃ ነበረኝ። ደሴ ላለችው እናቴ በስልክ «የንጽሕና ክፍል ውስጥ ነኝ» ብያታለሁ። ውሸት የለበትም፤ ክፍሉም አለ፣ ንጽሕናውም አለ። ከዚያች ደሞዝ ላይ የእሷን መድኃኒትና የእኔን የቤት ኪራይ እችል ነበር።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ከወሎ የመጡ፣ የባቡር ሠራተኛ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን በሻይና በሳምቡሳ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ቬንትሌተር (አንዱ የሚዞር፣ አንዱ ለዓይን ያህል የተሰቀለ) እና አንድ ሕግ ነበር። ሕጉ «እዚህ ቤት ስለ አገራችን ፖለቲካ አይወራም» የሚል ነው። የወጣው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው፤ ሁለት ደንበኞች በዚሁ ጉዳይ ተያይዘው የሳምቡሳውን መደርደሪያ መስተዋት ካወረዱት በኋላ።

ሰው ግን ሻይ ይዞ ዝም ማለት አይሆንለትም። ስለዚህ ደንበኞቻችን ከውጭ አገር ፕሬዚዳንት አስመጡ።

ፕሬዚዳንቱ ከባሕር ማዶ ነው። ስሙን አልጠራም፤ በአገሩም ገሚሱ ነጻ አውጪ፣ ገሚሱ ቀማኛ እያለ ስለሚጠራው የእኔ ሦስተኛ መሆን ምንም አይጨምርለትም። በዲሽ የሚገባ አንድ ጣቢያ ጠዋት ማታ እሱን ያሳየናል። ሰውዬው «መንግሥት ቀጣሪ አይደለም፤ ሥራ ያጣ ሰው ሥራ ይፍጠር» ብሎ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋግቷል። የተባረሩት አንዱ አደባባይ ላይ ድስት ይቀጠቅጣሉ፤ ደጋፊዎቹ ሌላው አደባባይ ላይ ይዘፍናሉ። ስለ እሱ መጨቃጨቅ ሕጉን አይነካም፤ የአገራችን ሰው አይደለማ! ማን ማንን እያማ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጠያቂ ቢመጣ ግን የምናማው የባሕር ማዶውን ብቻ ነው።

የተቃዋሚዎቹ መሪ «ጋሼ» የምንላቸው ጡረተኛ የባቡር ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በመንግሥት ደሞዝ ኖረው፣ አሮጌው ባቡር ከቆመ ወዲህ እንኳ ድሮ ባቡሩ ይገባበት በነበረው ሰዓት ተነስተው ጣቢያውን ዞር ዞር ብለው የሚያዩ ሰው ናቸው። የደጋፊዎቹ መሪ ደግሞ በገበያ ቀን ገዋኔ ወርዶ ፍየልና በግ የሚያሻሽጥ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ ደላላ ነበር።

«ሰውን ከሥራው አባርሮ ሥራ ፍጠር ማለት ምን ዓይነት ርዕዮተ ዓለም ነው?» ይላሉ ጋሼ። «ሀዲዱን ነቅለህ ባቡሩን ሂድ ማለት አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሀዲድ ለምደዋል፤ ሀዲድ ደግሞ መሪ አያስይዝም» ይላል ደላላው። «እኔን ማን ቀጠረኝ? ወላሂ አንድ ቀን ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ሰውዬው ያለው ይኼንኑ ነው።»

«አንተማ ሥራህ በሁለት ሰው መሀል መቆም ነው! ሁሉም ደላላ ከሆነ ፍየሉን ማን ያረባዋል?»

ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትና ከጅቡቲ የሚወጡት ሹፌሮች መኪናቸውን ዳር አስይዘው የሚገቡት ይህን ለመስማት ነው። ገሚሱ ለጋሼ፣ ገሚሱ ለደላላው ያጨበጭባል።

አንድ ቀን ጋሼ የዚያን ሰውዬ ርዕዮተ ዓለም በእጃቸው ጭምር ሲያስረዱ ትሪውን መቱትና ብርጭቆው ሁሉ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። እትዬ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጡ። ስብርባሪውን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ ደላላውን አዩ።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ፕሬዚዳንት ጉዳይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው፣ ወላሂ፣ ጓዳ ገብቶ ብርጭቆ ያጥባል። ሽማግሌ አልል፣ ነጋዴ አልል።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «እትዬ፣ የስንት ጊዜ ፍርድ ነው?» አለ ደላላው።

«ድምፅህ እስኪወርድ።»

የመጀመሪያው ፍርደኛ ጋሼ ሆኑ። ያፍራሉ ስንል እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳፋው ፊት ቁጢጥ አሉ። ለካ ሚስታቸው ጓዳ ድርሽ አያስብሏቸውም ኖሮ፣ ውሃና የዱቄት ሳሙና ሲያገኙ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። እያንዳንዱን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ፣ ያልጠራውን ይመልሱታል። ቀጥሎ ደላላው ተፈረደበት። እሱ ደግሞ ሁለተኛ ሳፋ ከየት እንዳመጣ እንጃ አመጣና «ማጠቢያ ለብቻ፣ ማለቅለቂያ ለብቻ! ሥራ ፈጠራ ማለት ይኼ ነው» አለ። ሳፋው ላይ ሆነውም ክርክሩን ስለማይተዉት ፍርድ በፍርድ ላይ ይደራረባል። ሹፌሮቹ ሻያቸውን ይዘው ጓዳው በር ላይ ቆመው ማየት ጀመሩ። ረዳቶቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። የእትዬ ገበያ ደራ።

እኔም መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር። ጀሪካን ላይ ተቀምጬ «ጋሼ፣ የጠርዙን ደግመው ይሹት» እያልኩ አዛለሁ። ተመርቄ የመጀመሪያዬን የኃላፊነት ቦታ ያገኘሁት ያኔ ነው።

እትዬ አንድ ጠዋት አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ብርጭቆ ነክተሻል?»

«አልነካሁም፣ እትዬ።»

«ትናንትስ?»

ከጀሪካኑ ላይ ተነሳሁ።

«ጠልቼሽ አይደለም፤ አላህ ያውቃል። ግን ሌላ ሰው እያጠበልኝ አጣቢ መቅጠር አልችልም። ወሩን ጨርሺና፣ ሌላ ነገር ፈልጊ እስቲ።»

ካርታ ላይ የት እንዳለ የማላውቀው አገር ፕሬዚዳንት ከአዋሽ አፈናቀለኝ። በአገሩ ያባረራቸው እንኳ ድስት ይዘው የሚወጡበት አደባባይ አላቸው። የእኔን ሥራ የወሰዱት ግን ስለ ሥራ አጥ የሚሟገቱልኝ ሰዎች ናቸው፤ በማን ላይ ይጮሃል? እናቴን አሰብኩ፤ «የንጽሕና ክፍሉ ተዘጋ» ብዬ እንዴት ነው የምነግራት?

ጠቡ ከቆመ ጓዳዬ ይመለስልኛል ብዬ ላስታርቃቸው ተነሳሁ። ለጋሼ በጆሯቸው «ደላላው እኮ ‹ሽማግሌው እውነት አላቸው› ሲል ሰማሁት» አልኳቸው። ለደላላው «ጋሼ ‹ልጁ አእምሮ አለው› አሉ» አልኩት። ሁለቱም እንዳልሰማ ሰው ሆኑ፤ ግን ሁለቱም ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። በማግስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው «ሰውዬው ክፉ እንኳ አይደለም፤ ቸኮለ እንጂ» በሚል ተስማሙ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሹፌሮቹ በበሩ አንገታቸውን ያስገባሉ፣ ሰላም መስፈኑን ያያሉ፣ ወደ ጎረቤት ሻይ ቤት ይሄዳሉ። ብርጭቆው ታጥቦ እንደተደረደረ ዋለ፤ የሚያቆሽሸው ሰው የለማ። እትዬ በባዶው ወንበር መሀል እየተመላለሱ «ቤቴን ምን ነካብኝ?» ይላሉ። ነገሩ ሲገባኝ ሳቄም እንባዬም መጣ። ሲጣሉ እነሱ ያጥባሉ፤ ሲታረቁ የሚታጠብ የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተና ላይ ወጥቶብን አያውቅም።

ደግነቱ ፕሬዚዳንቱ ብዙ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። በቴሌቪዥን አዲስ ንግግር አደረገ፤ እርቁ ፈረሰ፤ ከቀትር በፊት ሁለቱም ሳፋው ላይ ነበሩ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሰመራ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል አሉኝና በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገዋኔን አልፈን፣ አዳይቱን አልፈን፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ፊቴን እየጠበሰኝ ደረስኩ። ሰሌዳው ፊት የተኮለኮለው ሰው ብዛቱ የምረቃችንን ቀን አስታወሰኝ፤ የጎደለን ጋውን ብቻ ነው። ማስታወቂያው የሥራ ልምድ ይላል።

«ልምድ አለሽ?» አለኝ የሚመዘግበው ልጅ።

«አለኝ።»

«በምን?»

«በብርጭቆ።»

ሳቀ። ወዲያው አፍሮ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታው ከሳቁ ይልቅ አስከፋኝ።

ወደ መናኸሪያው የወሰደኝ ባጃጅ ነጂ የክፍሌ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ አፋር ነው፣ ከሁላችንም የበለጠ ውጤት የነበረው። ሲያየኝ ባጃጁን ሊገለብጣት ደረሰ።

«አንቺ! ሽማግሌዎች ብርጭቆ የሚያጥቡበት ሻይ ቤት የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉ!»

«ማን ነገረህ?»

«ዳጉ ነዋ!»

ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚነጋገሩበት ወግ ነው። የእኛም ወሬ ከሚኒባሴ ቀድሞ ሰመራ ገብቷል። ልጁ ሁሉንም ያውቃል፤ የጋሼን ሀዲድ፣ የደላላውን ሁለተኛ ሳፋ። ስለ ፕሬዚዳንቱም የራሱ አቋም ነበረው፤ ሊያስረዳኝ ጀመረና መሀል ላይ ቆም አለ።

«ቆይ፣ እነሱ ካጠቡ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

ያን ሁሉ ሰው ሲያስቅ የከረመ ወሬ ውስጥ ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። መልሱን ራሱ ሳያገኘው አልቀረም፤ መናኸሪያው ስንደርስ የባጃጁን ሒሳብ አልቀበልም አለኝ።

አዋሽ ስደርስ ቦርሳዬን እንዳነገትኩ በቀጥታ ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ሰው ጢም ብሏል። ፕሬዚዳንቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ሥራ አጥነት እየቀነሰ ነው እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ጋሼ ፍርዱ እንደማይቀርላቸው ስላወቁ እጅጌያቸውን አስቀድመው ሰብስበዋል።

«ወጣቱ አለቀ!» ይላሉ። «ቀጣሪ አጥቶ አለቀ!»

«ወጣቱ ሥራ ይመርጣል ጋሼ!» ይላል ደላላው። «ዝቅ ብሎ መሥራት አይፈልግም!»

ቦርሳዬን መሬት ላይ ጣልኩት።

«ወጣቱ፣ ወጣቱ ትላላችሁ፤ ወጣቱ ይኸው እዚህ ቆሜያለሁ!» ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። «ጋሼ፣ ይቀጠሩ እያሉ እየጮሁ ሥራዬን የሚሠሩብኝ እርስዎ ነዎት! አንተ ደግሞ፣ ዝቅ አላሉም ትላለህ፤ ከሳፋ ወዲያ ወዴት ዝቅ ልበል? እሱንም ወሰድክብኝ! ያንን ሰውዬ አላውቀውም፣ አያውቀኝም። እናንተ ግን ታውቁኛላችሁ። ለእሱ አገር ሥራ አጥ ጉሮሯችሁ እስኪነቃ ስትጮሁ፣ ‹ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ሆና ነው ጀሪካን ላይ የተቀመጠችው?› ያለ አንድ ሰው አለ?»

ከዚህ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም፤ በንዴት አለቀስኩ። ቤቱ ውስጥ የሚናገር ፕሬዚዳንቱ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚሰማው የለም። ጋሼ እርጥብ ይመስል እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ደላላው የጣልኩትን ቦርሳ አንስቶ ወንበር ላይ አስቀመጠልኝ።

እትዬ ሪሞቱን አንስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ረጋ ብለው አጠገቤ መጡ።

«ስለ ማን ነው የጮህሽው?»

«ስለ… ስለ ፕሬዚዳንቱ» አልኩ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርገሻል?»

«ከሁላችንም በላይ!» አለ ከኋላ አንድ ሹፌር።

«እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው። ጓዳ ግቢና እጠቢ።»

ጋሼ ብድግ አሉ። «እሷን ተይያት፣ እኔ ልጠብላት…»

«አርፈው ይቀመጡ!» አሉ እትዬ። «የእርስዎ ፍርድ አልቋል። የእሱም አልቋል። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ጓዳ የሚገባ ወንድ አላይም፤ መጮህ የፈለገ ሻዩን ይዞ ይጩህ።»

አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ። «እስከ መቼ ነው፣ እትዬ?»

«ድምፅሽ እስኪወርድ።»

ወሩ አለቀ፤ ሌላውም ተከተለ። እነ ጋሼ አልታረቁም፣ ብርጭቆው ይቆሽሻል፣ የንጽሕና ክፍሉም ሥራ ላይ ነው። እኔ ጠዋት ስገባ፣ እትዬ ምናልባት ፍርዱን ረስተውት እንዳይሆን ብዬ፣ ከበሩ ላይ ስለዚያ ሰውዬ አንዴ ጮክ ብዬ እጮሃለሁ። ከዚያ ሳፋዬን ስቤ እቀመጣለሁ።