ለሕፃን ከሆነ ቅቤ የለም

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ቅቤ ሸጡ። ልጄ በሰባት ወሯ ያለጊዜዋ ስትወለድ ከሁሉ ቀድመው ሆስፒታል የደረሱት እሳቸው ናቸው። ነርሷ፣ "በቂ ጉልበት ካላገኘች ሥጋ የሚሆናትን ፕሮቲን አንድዳ ትጨርሰዋለች" ስትለኝ ሰሟት።

"ጉልበት ከሆነማ ምን ቸገረን" ብለው ከኮታቸው ኪስ ለጋ ቅቤ በብልቃጥ አወጡ። "ትንሽ ትዋጥ።"

"አይሆንም አባባ፤ አንጀቷ ገና አልጠናም። በእናቷ ወተት ላይ ጉልበቱንም ፕሮቲኑንም ለክተን እንጨምርላታለን" አለቻቸው ነርሷ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሳቸው ብልቃጡን መልሰው ከተቱና፣ "ለስንቱ ጨቅላ መዝኜ ሰጥቼ ይሆን" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ለአራስ ልጅ የሚዋጥ ቅቤ ፈልጎ የመጣን ሰው፣ ቅቤው በየጣሳው ሞልቶ እየታየ፣ "ለሕፃን ከሆነ የለም" ብለው ይመልሱ ነበር። ጎረቤት ነጋዴ ሲስቅባቸው ግድም አልነበራቸው።

ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች። ከአጎቴ አርባ በኋላ ሱቁን እኔ ከፈትኩ፤ ዱካቸው ላይ መቀመጥ ግን እስካሁን አልሆነልኝም። ትናንት አንዲት እናት ከትናንት ወዲያ ለተወለደ የልጅ ልጃቸው ቅቤ ጠየቁኝ። ባዶውን ዱካ አየሁና እንደቆምኩ መለስኩላቸው፦

"ለሕፃን ከሆነ የለም፣ እማማ።"