ሙሉ ዓረፍተ ነገር

አባቴ ሮቤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። አንዲት ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚዘረጋ ሸራ፤ ቢሯቸው ይኸው ነው። ከሲናና የመጣ ገበሬ ፊታቸው ይቀመጥና በደሉን ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ከመሐል ጀምሮ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ በመሐሉም እየተራገመ ያወራቸዋል። እስኪጨርስ ብዕር አይነኩም። «መጀመሪያ ነገሩ ይውጣለት፤ መልክ ማስያዙ የኔ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ ጽፈው ያነቡለታል። «ያልኸው ይኼን ነው?» ይሉታል። ሰውዬው «እሱን ነው፣ ልክ እሱን!» ካላለ አያስፈርሙትም።

እኔ ደግሞ የአማርኛ አስተማሪ ወጣሁ። እሳቸው ሰው ሲሰሙ ኖሩ፣ እኔ ሰው ሳርም ኖርኩ። ቤት ውስጥ እንኳ ሰው ዓረፍተ ነገር አጉድሎ ሲያወራ ማለፍ አልችልም። ሚስቴ «ካንተ ጋር መጣላትም ፈተና ነው፤ መጨረሻ ላይ ውጤት ትሰጣለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

አባቴ አንዲት እህት ነበሯቸው፣ አጋርፋ ያገቡ። እናቴ ስታርፍ አክስቴ ለቅሶ አልመጡም። «አሞኝ ነው» ብለው ሰው ላኩ። እኔ አላመንኩም፤ ተቃጠልኩ። በእኛ ቤት ከባድ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ይጻፋል፤ አባቴም «ቅር ብሎናል በላት፤ ሌላ እንዳትጨምር» ብለው አዘዙኝ። ጻፍኩ፣ ያውም ሁለት ገጽ። እንደዚያ የሰመረ ጽሑፍ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። መጨረሻው «ከእንግዲህ ደጃችንን አይርገጡ» ይላል። አባቴ ሁለቱንም ገጽ አነበቡት።

«አጻጻፉስ ያምራል» አሉ። «እኔ ግን ይኼን አላልኩም። እንደገና ጻፈው።»

እሺ አልኳቸው። እኔ ሆዬ በነጋታው ያንኑ በአጋርፋ አውቶቡስ ላክሁት! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፍማ በምን ይታሻል? አባቴ ኋላ ሲሰሙ አልተቆጡኝም። «ክረምቱ ይውጣና ራሴ ሄጄ እታረቃታለሁ» አሉ።

ክረምቱ ሳይወጣ ደም ግፊት ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ጎባ ያየን ሐኪም «የምትሏቸው ሁሉ ይገባቸዋል፤ ማለት የሚፈልጉትንም ያውቁታል። የጠፋባቸው ቃል ከቃል ማጋጠሙ ነው» አለኝ። አልጋቸውን መስኮቱ ሥር አደረግሁላቸው። ቤታችን ለመናኸሪያው ቅርብ ነው፤ የአውቶቡስ ረዳቶቹ ከማለዳ ጀምሮ «አጋርፋ! አጋርፋ! የሞላ!» ሲሉ ይውላሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ቃል አወጡ። «አጋርፋ» አሉ። ብዙ ታግለው ደግሞ «እህቴ» አሉ። በደህናው እጃቸው መስኮቱን ያሳዩኛል።

ገብቶኛል። እዚህ ላይ አልዋሽም፣ ያኔውኑ ገብቶኛል። ግን አክስቴ ፊት ምን ብዬ ልቆም? ስለዚህ አስተማሪ ሆንኩባቸው። «አጋርፋ ምን፣ አባዬ? እህቴ ምን አደረጉ? ሙሉውን ይበሉት እንጂ!» ሚስቴ «አንተ ሰው፣ ምኑ ነው ያልገባህ? ደውልላቸው!» ስትለኝ «ልምምድ ነው፣ ሐኪም ያዘዘውን አታበላሺብኝ» አልኳት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አላዘዘም።

ሦስት ሳምንት እንደዚህ አሰቃየኋቸው። ሌላ ቃል የለኝም። ከእሳቸው የሚወጣው ያው ሁለት ቃል፣ ከእኔ የሚወጣው ያው «ሙሉውን»። ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ በትዕግሥት የምጠብቅ መስዬ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ቃል ሳይሰበርባቸው፣ በዚያ በድሮ ድምፃቸው «እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» አሉ።

ዕድሜ ልካቸውን የማመልከቻ መዝጊያ አድርገው የጻፉት ነው። እንዲፈቀድ የሚለምኑት ነገር የለበትም። አጋርፋም፣ እህትም የለበትም። መዝጊያው ብቻ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድለው። እኔም ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አጨበጨብኩ! «ጎሽ አባዬ! ይኸው፣ ሞላ!» አልኳቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። ያን ሁሉ ሰው እያደመጡ የኖሩ ሰውዬ የራሳቸውን አቤቱታ ለኔ አቅርበው ነበር። እኔ ደግሞ ያጨበጨብኩት ለአሰካኩ ነው። አፈርኩ። ነገ እደውላለሁ አልኩ በልቤ።

ጎህ ሳይቀድ አረፉ።

አክስቴ ጎረቤት ደውሎላቸው በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ። በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ያን ጊዜ ያመማቸው በሽታ እግራቸውን ወስዶታል። አሞኝ ነው ያሉት እውነት ነበር። ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመው «ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ያለቅሳሉ፣ አይገቡም። ይግቡ ሲሏቸው አይገቡም። ደጃችንን አይርገጡ ተብለዋላ። ወጥቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ በምርኩዛቸው ጫፍ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረጉኝ፣ ተነሣ ለማለት።

ከቀብር ስንመለስ መስኮቱ ሥር፣ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጡ።

«አነሳኝ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አንስተዎታል። አጋርፋ ብለዋል። እህቴም ብለዋል። ግን አክስቴ፣ ቃሉ አልገጥም ብሏቸው… ሙሉውን አላሉትም ነበርና፣ እኔም…»

መጨረስ አቃተኝ። አክስቴም ጨርስ አላሉኝም። ውጭ ረዳቶቹ እንደ ወትሯቸው ይጮኻሉ።

«ዛሬ ጠዋት» አሉ ወደ መናኸሪያው እያዩ፣ «እያለቀስኩ ነበርና ለረዳቱ ‹ሮቤ› ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ ሌላ ምንም አላልኩትም፣ ልጄ። ደግፎ አስገብቶ አመጣኝ።»