በአባቴ ላንድሮቨር ውስጥ የተገኘው የሻይ ማጥለያ

በደርግ ጊዜ የጠፋው የእማዬ የሻይ ማጥለያ ዛሬ ተገኘ! የት? በአባቴ ላንድሮቨር የነዳጅ ቱቦ ውስጥ!

አባቴ ካረፈ ጀምሮ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር የቆመችውን መኪና ላስነሳ ወር ሙሉ ስታገል ነበር። ትነሳና ወዲያው ትጠፋለች።

ዛሬ አዲስ የነዳጅ ማጣሪያ ፊልትሮ ልገጥምላት ቱቦውን ስቆርጠው፣ ተጠቅልሎ የተወተፈ የሽቦ ወንፊት ዱብ አለ። ዝገትና አሸዋ ደፍኖታል።

ያኔ ቤንዚን በኩፖን ነው። ከበርሜል ግርጌ ሲቀዳ ደግሞ አሸዋው አይጣል ነው። ፊልትሮ ከየት ይምጣ? አባቴ ጀልዴሳ በረሃ መንገድ ላይ ተገትሮ ከመቅረት የሚስቱን ማጥለያ መቁረጥ መረጠ።

ቅጠል የሞላበትን ሻይ ዕድሜ ልኩን ጠጣ እንጂ ትንፍሽ አላለም!

እማዬን ሳሳያት ጭንቅላቷን ያዘች። "ወይኔ! እኔ እኮ ፋጡማ ወሰደችው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ዕቃ አውሻት አላውቅም!"

በሩጫ ጎረቤት ሄዳ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ እትዬ ፋጡማ ከት ብላ ሳቀች።

"አቦ ተይኝ! ባልሽ ሲገጥመው በዓይኔ አይቻለሁ። 'እንዳትነግሪያት' ብሎ አስማለኝ። ዋላሂ ካልኩ በኋላ ምን ላድርግ?"

ያን ሁሉ ዓመት እየተጠረጠረች ዝም!

መኪናዋም በአዲሱ ፊልትሮ ተነሳች፤ አልጠፋችም! ሁለቱን አሮጊቶች ከፊት አስቀምጬ ከከተማ ወጣ ብለን መልካ ጀብዱ ደርሰን መጣን። መንገዱን ሙሉ አባቴን ሲያሙት ነበር።

እናንተስ ቤት ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የጠፋ ዕቃ የለም? ጎረቤት ከማማታችሁ በፊት እስቲ የመኪናችሁን ኮፈን ከፍታችሁ እዩና ያገኛችሁትን ጻፉልኝ።