ናፍቆት በፌስታል

የሥራ ባልደረቦቹ «መሪጌታ» ይሉታል፤ ቅኔ ተምሮ አይደለም፣ ዕድሜውን ሙሉ የነዳጅ ቦቴ መሪ ይዞ ስለኖረ ነው። አንዴ ወደ ወደብ ከወጣ ሦስት ሳምንት ይቀራል፤ ወረፋ ከያዘው ወር ይሞላዋል። ጋቢናው ውስጥ የአንዲት ልጁን ፎቶግራፍ ለጥፏል፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ጉንጯ ጢም ብሎ የሞላ። አቀበት ላይ ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር ቀና ብሎ ያያትና «አይዞን፣ ድንቡሼ፤ ልንደርስ ነው» ይላታል።

የሞላ ጉንጭ የሚወድበት ምክንያት ነበረው። እሱና ታናሽ እህቱ ያደጉት በአጎታቸው ቤት፣ የሰው ትራፊ እየጠበቁ ነው። እህቱ አንድ ክረምት ከሳች፣ ከሳች፣ በመጨረሻም አንድ ሳል ይዟት ሄደ። የእጇ ቅጥነት እስከ ዛሬ ከመዳፉ አልጠፋም። ስለዚህ ሚስቱ ሴት ልጅ ስትወልድለት «ይቺ ልጅ በእኔ ቤት ‹በቃሽ› የሚባል ቃል አትሰማም» አለ። ቃሉንም ጠበቀ።

ከመንገድ ሲመለስ በሁለት እጁ ሁለት ፌስታል ነው፤ ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ የጠርሙስ ጭማቂ። ልጅቷ ፌስታሉ ላይ ስትወድቅ እሱ ሶፋው ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ። ሚስቱ ደግሞ ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ ነው የምትውለው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብቻዋን ውጪ እንዳትወጣባት፣ ጠዋት የብስኩቱን ካርቶን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣላት ትሄዳለች። እናት በድካም፣ አባት በናፍቆት፣ ሁለቱም በፍቅር አበሏት። ጎረቤቱም «እናንተ ቤት ጥጋብ ነው!» እያለ ያሞግሳቸው ነበር።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት መሪጌታ ባዶውን ቦቴ አስፋልቱ ዳር አቁሞ እንደ ልማዱ ክላክስ አደረገ። ከሚኖሩበት ሦስተኛ ፎቅ «አባዬ!» እያለች የምትወርደው ልጁ አልመጣችም። ራሱ ወጣ። አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

«ድንቡሼ፣ አመመሽ እንዴ?»

«አባዬ፣ ድንቡሼ አትበለኝ።»

ፌስታሎቹ እጁ ላይ ቀሩ። ነገሩን ማታ ከእናቷ ሰማ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ሲመዘኑ ከክፍሉ ሁሉ እሷ በልጣለች። ገመድ ሲዘሉ «ትበጥሺዋለሽ» ብለው አባረዋታል። ደረጃ ስትወጣም መሃል ላይ እየተቀመጠች ነው ትንፋሽ የምትሰበስበው። የትምህርት ቤቱ ነርስ ወላጆቿን ጠርታለች።

በማግስቱ ሁለቱም ሄዱ። ሲስተሯ ረጋ ያለች ሴት ናት።

«ማስራብ አይደለም የምላችሁ፤ እሱን እንዳታስቡት» አለች። «ገና ታድጋለች፤ ካገዛችኋት ቁመቷ ክብደቷን ይደርስበታል። ለእሷ ብቻ ሌላ ሳህን አታቅርቡ፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ይብላ። ሲጠማት ውሃ ትጠጣ። ቴሌቪዥን ፊት አትብላ። ደግሞ ከእናንተ ጋር ትንቀሳቀስ። ልጅ የሚነገረውን ሳይሆን የሚያየውን ነው የሚይዘው።» ይህን ስትል ዓይኗ የመሪጌታ ቦርጭ ላይ አረፈ።

«የኔን ይተዉት፣ ሲስተር» አለ፤ «ይሄ ተሳቢ ነው።»

ሚስቱ ሳቀች። እሱ ግን ወንበሩን ወደ ሲስተሯ ሳብ አደረገ። «እኔ እኮ ወር ሙሉ የለሁም። ባዶ እጄን ልግባ? ሌላ ምን አለኝና ነው የምሰጣት?»

«እሷን ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

ጠይቋት አያውቅም። ከሰዓት ከትምህርት ቤት በእግር ሲመልሳት ጠየቃት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «ስትመጣ አትተኛ» አለችው።

ሌላ ነገር ቢሆን ይቀለው ነበር። ዓይኑ እየተጨፈነበት፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ በየከሰዓቱ ከሰፈራቸው ጋራዥ ጀርባ ባለው ሜዳ አብሯት ይዞር ጀመር። እናቷም ካርቶኑን ከቤት አስወጣች፤ ራሷ ከሥራ እስክትመለስ ልጅቷን አብረዋት የሚጫወቱ ልጆች ያሏት ጎረቤት ዘንድ ታውላታለች። መጀመሪያ ላይ ለቅሶም ኩርፊያም ነበር፤ ልጅቷ ብቻ ሳትሆን አባትየውም ጭማቂው አምሮት ያኮርፍ ነበር።

የከበደው መንገድ ላይ ነው። ወደብ ዳር ካሉት ሱቆች ፊት ሲያልፍ እጁ ይበላዋል። አንድ ቀን አልቻለም፤ ገዛ። ሁለት ቀን ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ ሲያየው ሰነበተና ወረፋ ለሚጠብቁ ሾፌሮች አከፋፈለው። ያን ዕለት እንደ ሕፃን ሆዱ ባባ። እስከዚያ ቀን ናፍቆቱን በኪሎ ገዝቶ ፌስታል ውስጥ ይከተው ነበር፤ አሁን የሚያስቀምጥበት አጣ። ስልክ ደውሎ «ምን በላሽ?» ማለቱንም ትቶ «የት የት ዋልሽ?» ማለት ለመደ። እያወራት ቦቴውን ይዞራል፤ አንዴ፣ አሥሬ፣ ሃያ ጊዜ።

«መሪጌታ፣ ጎማ ጠፋብህ እንዴ?» ይሉታል ጓደኞቹ።

«ከልጄ ጋር እየዞርኩ ነው» ይላል።

የአጭር መንገድ ሥራ እንዲሰጡት አለቆቹን ሁለቴ ጠየቀ፤ ተራህን ጠብቅ አሉት። እየጠበቀ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ልጅቷ ቀጭን አልሆነችም፤ ግን በቁመት ተመዘዘች፣ ደረጃውንም ሳታርፍ ትወጣለች። ሲስተሯ «እንዲሁ ቀጥሉ» ብላ አሰናበተቻቸው።

አንድ ቅዳሜ ከወደብ ደወለ። እናቷ አነሳች።

«የለችም። ከጓደኞቿ ጋር ዋና ልትማር ሄዳለች።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«እኔ እንጃ፤ ስትመለስ ትደውልልሃለች።»

«ጎሽ» አለ፤ ደስ ብሎታል። ሆኖም ከዘጋ በኋላ ስልኩን እጁ ላይ ይዞት ቆየ። ልጁ ሮጣ የምትሄድበት ቦታ አግኝታለች፤ እዚያ ቦታ ደግሞ እሱ የለም። ወረፋው ላይ ከፊቱ ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ ኋላ ያለው ሾፌር ክላክስ አደረገበት። መሪጌታ ቦቴውን አስነስቶ ሁለት ሜትር ያህል ጠጋ አለና እንደገና ቆመ።