እማማን ለፎቶ አልቅሱ አላቸው

«እማማ፣ ፎቶው አላማረም፤ እንደገና ይቀበሉኝና ትንሽ ያልቅሱ።»

ዛሬ ቢቸና ቤታችን፣ በወንድ አያቴ ተዝካር ላይ፣ አንድ የወረዳ ኃላፊ ለሴት አያቴ ለእማማ በሟቹ ስም የምስጋና ወረቀት ሲሰጥ እንዲህ አለ።

ሟቹ አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ገጠር ለገጠር በእግራቸው እየዞሩ ከብት ሲከትቡ ኖሩ። ለክትባቱ ማቀዝቀዣ ሊጠይቁ ሲሄዱ ግን ይኸው ሰው በር ላይ እያስዋለ ባዶ እጃቸውን ይመልሳቸው ነበር።

(ወጡን ሁለቴ አስጨምሮ በልቷል።)

«ምን ብዬ ላልቅስልህ፣ ልጄ?» አሉት እማማ።

ስልኩን ያስያዘው እኔን ነው። «አንቺ፣ አንሺ እንጂ!» አለኝ።

አስጠላኝ።

አላነሳሁም። ስልኩን መልሼለት እማማን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

እናንተስ እንዲህ ያለ ሰው ተዝካራችሁ ላይ ሲመጣ ምን አደረጋችሁ?