ዘሀራ የጠቀለለቻቸው መስኮቶች

ጠቅላላ ወጪው ይኸውና፦ ገዢ ዞር ብሎ ያላየው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ የጥንት ሃርድ ዲስክ የሚያስነብብ አንድ ገመድ፣ ከእንቅልፌ የተነጠቁ ሦስት እሑዶች፣ ከእነዚህም ሌላ ሃያ ዓመት ሙሉ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት አንድ የሚያስተኛ ታሪክ። የፊተኞቹን ሦስቱን መርካቶ ዱባይ ተራ ካለችው ሱቄ በአንድ ደህና ሳምንት አወጣቸዋለሁ። አራተኛውን የሚተካልኝ አስመጪ የለም።

ልጅ እያለሁ ኮምፒውተር የሚባለው ነገር በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። የእኛ ዘመን ልጅ መቼም የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ያየው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ያውም «እንዳትነካ» እየተባለ። እኔ ግን ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቀርባት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር አደግኩ። ሱቋ የእህቴ የዘሀራ ነበረች። እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባታችን ወሎ ተመልሶ ሌላ ትዳር ስለያዘ እናቴም አባቴም እሷው ሆነች። ማመልከቻ፣ ውል፣ የእድር ደብዳቤ ትጽፋለች። የተፈጨው በርበሬ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባና ደንበኛው ሁሉ እያስነጠሰ ነው ጉዳዩን የሚያስጽፈው፤ «እኔ አመልካች» ብሎ እስኪቀጥል ሦስቴ «ይማርህ» ይባላል። ዓርብ ዓርብ ኪቦርዱን ገልብጠን መታ መታ ስናደርገው ለአንድ ድስት የሚበቃ ይወርዳል። «ይሄም ገቢ ነው» ትላለች ዘሀራ።

ያን ጊዜ ፍላሽ የሚባለው ነገር ገና መምጣቱ ስለነበር ደንበኛው ከየቦታው ቫይረስ ተሸክሞ ይመጣል። ኮምፒውተራችን በወር ሁለቴ ይሞታል። በመጨረሻ ጋሽ ግርማ ተጠሩ፤ አማኑኤል አካባቢ ታይፕራይተር ሲጠግኑ ኖረው ዘመን ሲቀየር ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። ያለውን ሁሉ አጥፍተው ሊኑክስ የሚባል ነጻ ሲስተም ጫኑልን።

«ይሄኛው ላይስ ቫይረሱ አይገባም ጋሼ?» አለቻቸው ዘሀራ።

«ድሃ ቤት ሌባ ምን ሊሠራ ይገባል ልጄ?»

ማሽኑ አቅመ ቢስ ስለነበረ ከሁሉም ቀላሉን ዊንዶው ማናጀር መረጡላት፤ መስኮቶቹን የሚከፍተውን፣ የሚያንቀሳቅሰውንና የሚዘጋውን ፕሮግራም ማለት ነው። አሠራሩን እንዴት እንደምትለዋውጠውም አሳዩዋት። ጌጥ የሚባል ነገር አልነካውም። ግራጫ ነው፣ ጠርዙ ወፍራም፣ ቁልፎቹ እንደ ብስኩት ያበጡ። መልኩ ያኔም አሮጌ ነበር። አንድ ሙያ ግን ነበረው፦ የመስኮቱን ግንባር ሁለቴ ጠቅ ስታደርገው መስኮቱ እንደ ሱቅ መዝጊያ ወደ ላይ ይጠቀለልና ስሙ የተጻፈባት ቀጭን መስመር ብቻ ትቀራለች። ሁለቴ ስትደግመው ተመልሶ ይዘረጋል።

ለመርካቶ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚህ ሰፈር ሰው ወረፋ ሲጠብቅ የፊተኛውን ሰው ወረቀት በትከሻው ላይ ያነባል፤ ነውር አይባልም፣ ሥራ ነው። ዘሀራ የሚመጣው ሰው ደፉን ሳይረግጥ ሁሉንም ትጠቀልላለች። ስማቸውንም በሰው ስም አታወጣውም፤ የአንዱን ውል «ኮረሪማ»፣ የሌላውን ፍቺ «ጥቁር አዝሙድ» ትለዋለች። ነጋዴው ለሚስቱ ያልነገረውን ለእሷ ያስጽፋል። «ዘሀራ ጋ የገባ ነገር ጉድጓድ ገባ» ይሉ ነበር። ለጽሕፈቱ ታስከፍላለች፣ ለዝምታው አታስከፍልም።

አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የበርበሬ ጅምላ ነጋዴ መጡ። ሱቃቸውን ከሌላ ሰፈር ለመጣ ሰው ሊያስተላልፉ ነው። ችግሩ፣ ሙዘይን የሚባለው ሠራተኛቸው ሱቁ አንድ ቀን የእኔ ይሆናል ብሎ አሥራ አምስት ዓመት አብሯቸው ጆንያ ሲሰፋ ኖሯል። ፊርማው እስኪያልቅ እንዳይሰማ ነው የፈለጉት። ዘሀራ ውሉን ጻፈች፣ «እርድ» ብላ ጠቀለለችው። ከዚያ የዙህር ሰላት ደረሰና «ደርሼ መጣሁ፤ ማንም እንዳይነካ» ብላኝ ወጣች።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ግንባሩን ሁለቴ ጠቅ አደረግኩት። አንብቤ ስጨርስ ልቤ የመታው በፍርሃት አልነበረም፤ መርካቶ ያሳደገው ልጅ ወሬ ዕቃ መሆኑን ያውቃል፣ ማን እንደሚገዛውም ያውቃል። መልሼ ጠቀለልኩት፤ ዘሀራ ስትመለስ ለቅቄ ወጣሁና ሙዘይን ጋ ሄድኩ።

«ጋሽ ሙዘይን፣ አንድ ነገር ብነግርዎት ምን ይገዙልኛል?»

«ምን ይዘህ መጣህ ደግሞ አንተ ጩልሌ?»

«መጀመሪያ ቦምቦሊኖ። ለስላሳም።»

«ኧረ ስሙ! በረንዳው ላይ ደላላ ተወልዷል!» ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ፤ ገዛልኝም። ስነግረው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ተነሣ። ለስላሳውን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀኝም።

በማግስቱ የጋሽ ሸምሱ በር ላይ የሙዘይን ቁልፍ ተደርቦ ተገኘ። ገዢው ጠብ ያለበት ሱቅ አልፈልግም ብሎ ሸሸ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። ጋሽ ሸምሱ ወደ እኛ የመጡ ለት እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመድ አስተካክል ነበር።

«ዘሀራ» አሏት ሳይቀመጡ፣ «ይህን ነገር የምናውቀው እኔ፣ ገዢው፣ አንቺና አላህ ነበርን። ገዢው ደግሞ ራሱን አይጎዳም።»

እህቴ ወደ ጠረጴዛው ሥር አላየችም። «ከእኔ ነው የወጣው ጋሼ። አፌ ነው። አውፍ ይበሉኝ» አለች።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ» ብለው ሄዱ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

ማንም አልሰደባትም። ሰላም ይሏታል፣ ጤንነቷን ይጠይቃሉ፣ ወረቀታቸውን በብብታቸው ይዘው ወደሚቀጥለው ጸሐፊ ያልፋሉ። በአራተኛው ወር ሱቋ ተዘጋች። ዘሀራ ማሽኑን ስትሸጥ ሃርድ ዲስኩን አውጥታ አስቀረች፤ የሰው ጉዳይ አለበት ብላ። ዓመት ሳይሞላ ሰው ቤት ልትሠራ ጅዳ ሄደች። በላከችው ተማርኩ፣ በላከችው ሱቅ ከፈትኩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ኩላሊቷን ታማ መጣች፤ ታማ ኖረች፤ አምና አረፈች።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለራሴ የምነግረው ታሪክ ይህ ነበር፦ ዘሀራም ለአንድ ጓደኛዋ ትንፍሽ ብላ ነበር፤ ከእኔ ነው ያለችው ራሷን ጠርጥራ ነው፤ እኔን አላሰበችኝም። ካላሰበችኝ ደግሞ ዛሬ መንገሩ የዳነ ቁስል መነካካት ነው። ነጋዴ ለራሱ ሲሸጥ ዋጋ ላይ አይከራከርም። አልጋዋ አጠገብ ስንት ከሰዓት ተቀምጬ ስለ ዶላር፣ ስለ ኮንቴይነር፣ ስለ ኪራይ አወራኋት።

የአርባዋ ሰደቃ ካለፈ በኋላ ሻንጣዋን ስናይ ሃርድ ዲስኩ በሻርፕ ተጠቅልሎ ተገኘ። የሰዎቹን ውል ለማንበብ አልፈለግኩም። ያንን ግራጫ መልክ ማየት ግን አማረኝ። ለካ ያ ፕሮግራም ዛሬም አለ፤ የድሮ መልክ የሚወዱ ሰዎች ይንከባከቡታል። አውርጄ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ጫንኩትና የዘሀራን የማስተካከያ ፋይል ገለበጥኩበት። ቀለሙ፣ ጠርዙ፣ ማውሱ የሚያደርገው፣ ሁሉም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው የሚታዘዘው። የእሷ ፋይል ግን አርጅቷል፤ አዲሱ ፕሮግራም ግማሹን ትእዛዝ አላውቀውም አለኝ። ስለዚህ መስመር በመስመር ማስተካከል ያዝኩ። በመጀመሪያው እሑድ ግራጫው መጣ። በሁለተኛው ጠርዙና ያበጡት ቁልፎች መጡ፤ የሱቋ ሙቀት ፊቴን የነካኝ መሰለኝ፣ ማስነጠስ ቀረኝ።

በሦስተኛው እሑድ የማውሱ ትእዛዞች ላይ ደረስኩ። እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ ፊቱ ላይ # ምልክት ያለበትን መስመር ማሽኑ ዘሎት ያልፋል፤ ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ ነው ማለት ነው። መስኮቱን በሁለት ጠቅታ የሚዘረጋው ትእዛዝ ፊት ላይ ያ ምልክት ተደርጎበታል። በምትኩ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ካልተጫኑ የማይዘረጋበት ትእዛዝ ገብቷል። ከላዩ፣ አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ እንዲህ ይላል፦

«ልጁ ብቻውን ሲሆን እንዳይከፍተው። ይህ ትእዛዝ ጋሽ ሸምሱ ሊወቅሱኝ የመጡ ቀን ገባ። እሱ ልጅ ነው። ሳልቆልፍ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ጋሽ ሸምሱ በመጡ በሁለተኛው ቀን፣ አላፈርኩም፣ ሌላ መስኮት ልዘረጋ ሞክሬ ነበር። ጠቅ ባደርግ፣ ጠቅ ባደርግ እምቢ አለኝ። ማውሱን በርበሬ በላው ብዬ ተውኩት።

ዛሬ መርካቶ መስኮት የሚጠቀልል ሰው የለም። ነጋዴው ውሉን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ሳያነበው፣ ለመቶ ሰው ይልከዋል፤ ሚስጥር ሲወጣ የሚያፍርም የሚከስርም የለም፣ ሌላ ፎቶ ይላካል። ያኔ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት የሰፈሩን ጉድ ሁሉ በቅመም ስም ሸፍና ትይዝ ነበር። ያን የሚያህል ዝምታ ያለበት ሱቅ ዛሬ ፎቅ ለፎቅ ብትዞር አታገኝም። ላፕቶፑን መደርደሪያው ላይ አድርጌዋለሁ። ባለፈው አንድ ወጣት አየውና «ምንድን ነው ይሄ፣ ሙዚየም ከፈትክ እንዴ ብሮ? ስንት ነው?» አለኝ። አይሸጥም አልኩት። የማይሸጥ ዕቃ ዱባይ ተራ ምን ይሠራል ብሎ ስቆብኝ ሄደ።

ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ነው። ማሽኑ ይሠራል። እህቴ እያወቀች አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም።