ማር የገባበት ወይን

የምሠራው ወይን ጠጅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት እጮኛዬ ማኅሌት ከአባቷ ጋር ልታስተዋውቀኝ ጎጃም፣ አምበር ከተማ ወሰደችኝ። እኔም ፋብሪካችን የሚኮራበትን ቀይ ወይን ይዤ ሄድኩ።

ዶሮ ወጥ ቀረበ። «ጋሼ፣ ይኼ መርሎ ከሚባል የወይን ዘር የተጠመቀ ነው፤ ቅመም ከበዛበት ወጥ ጋር ይስማማል» ብዬ ቀዳሁላቸው። ጎንጨት ሲያደርጉ ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«ከተጠመቀ ስንት ጊዜው ነው?»

«አራት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቃችሁ ጣፋጩን ረሳችሁት?»

«ስኳሩ እኮ ሆን ተብሎ እንዲያልቅ...» ብዬ ማስረዳት ስጀምር ማኅሌት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እሳቸው ተነስተው ጓዳ ገቡ። ቆዩ። ተቀየሙኝ ብዬ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። ማኅሌትም አንገቷን ደፋች።

ሲመለሱ ነጭ ማር በሳህን ይዘው ነበር። በየብርጭቆው ማንኪያ ሙሉ ጨምረው በደንብ አማሰሉት። አለቆቼ ቢያዩኝ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ቀመስኩት። እውነቴን ነው፣ ከዶሮው ጋር ግሩም ሆነ! እሳቸውም እስከ ጭላጩ ጨልጠው ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«አሁን ገና ደረሰ» አሉ። «በል፣ ሽማግሌህን ላክ።»